የዘመመው ታፔላ

«የእኔዋ ልጅ እኮ ገና ፊደል አልለየችም።»

ይህን ያሉት መሪጌታ ጥሩብርሃን ናቸው። ያሉትም በጠዋቱ፣ በአጥሩ ላይ ተንጠራርተው፣ ለጎረቤታቸው ለቄስ መንግሥቴ ነው። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ከኮምፖንሳቶው ግድግዳ ወዲህ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ሰማቻቸው። አንድ እግሯን አስራ ሌላውን ሳታስር ቀረች። እንግዲህ ይታያችሁ፤ ወረታ መናኸሪያ ፊት ለፊት የኅትመትና የማስታወቂያ ቤት ከፍታ የምትሠራ፣ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ፊደል ከነዘሩ አንድ በአንድ በኮምፒውተር ስላ የራሷን መልክ ያወጣችለት ሴት፣ ገና ፊደል አልለየችም! ያውም ማን አስቆጥሯት? እዚሁ ግቢ፣ እኚሁ አባቷ እግር ሥር ቁጭ ብላ፣ በስንደዶ እየጠቆመች ነው ሀ ሁ ያለችው። ቄስ መንግሥቴ ምን እንደመለሱ አልተሰማም፤ ሳቃቸው ግን ተሰማ። ከነገሩ ይልቅ ሳቁ አናደዳት።

የነገሩ ሥር ያ ፊደል ነው። መሪጌታ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ብራና ፍቀው፣ መቃ ቀርጸው፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጠው ዳዊት ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው ፊደል ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ቀጠን ያለ፣ ጫፉ የተሳለ፣ ቅዳሴ እንደገባ ዲያቆን ቀጥ ብሎ የሚቆም ነው። የሰብለ ፊደል ደግሞ ከራሱ እስከ እግሩ አንድ ውፍረት አለው፤ ጫፉ ላይ ጌጥ የሚባል ነገር የለበትም፤ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። ማዝመምማ ማንም ያዘምማል ትላለች እሷ። አንድ ቁልፍ ተጭኖ የቆመውን ፊደል ገፋ ማድረግ ነው፤ ግን እንዲያ የተገፋ ፊደል ጠጥቶ የወጣ ሰው ይመስላል፤ የቀ ሆድ ይጣመማል፣ የጠ ሦስት እግር ይጠላለፋል። ስለዚህ አልገፋችውም። እያንዳንዱን ዘምሞም እንዳይወድቅ አድርጋ እንደገና ሣለችው። የመጀመሪያውን ወረቀት አትማ ያለፈው ፋሲካ ማግስት ለአባቷ ብታሳያቸው፣ መሪጌታ ተቀበሏት። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው እስኪቆሙላቸው ድረስ ወረቀቱን በእጃቸው አዘመሙት። አዩት፤ ደግመው አዩት። ከዚያ መደቡ ላይ አስቀመጡና «መኮሮኒ» ብለው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት ስለ ፊደል ተነሥቶ አያውቅም። ተጣልተው አይደለም። መሪጌታ ሲገቡ ሰብለ ተነሥታ ትቀበላቸዋለች፣ እግራቸውን ታስታጥባቸዋለች፣ እሳቸውም ይመርቋታል፤ ብቻ ከምርቃቱ በኋላ የሚባል ነገር ይጠፋል። የቀረው ነገር ሁሉ በእናቷ በይርጋለም በኩል ነው የሚያልፈው። «ልጅሽ ዛሬም አመሸች» ይላሉ መሪጌታ፣ ልጅቱ እዚያው ፊታቸው ተቀምጣ። «ለአባባ መብራት ጠፍቶ ነው በያቸው» ትላለች ልጅቱ። እናቷ ከሁለቱም አፍ እየተቀበለች ስታቀብል ከረመች። ሰብለም በንዴቷ፣ ለፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስም ስታወጣለት «መኮሮኒ» ብላ ጻፈችና ዘጋችው።

ከተማው ግን መኮሮኒውን በላው። መጀመሪያ የለመዱት ባጃጆች ናቸው፤ ኋላቸው ላይ ጥቅስ ማስለጠፍ ይወዳሉ፣ የዘመመ ፊደል ደግሞ ቆሞ የተሰለፈን ባጃጅ እንኳ የሚሮጥ ያስመስለዋል። ቀጥሎ ጭማቂ ቤቱ፣ ቀጥሎ የወጣቶቹ የኳስ ቡድን ማሊያ። ያልቀናውም አለ። አንድ የሙሽራ አባት የጥሪ ካርዱን አገላብጠው አይተው፣ ትዳሩ ገና ከካርዱ መዝመም ጀመረ ብለው መልሰውላታል። እሷም ሳትከራከር በቆመ ፊደል አተመችላቸው። ምን ታድርግ!

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአቶ አለኸኝ ነገር ነው። አቶ አለኸኝ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ በሐሙሲት መንገድ ላይ አዲስ የሩዝ መፈልፈያ አቁመዋል። የፊደሉን ናሙና ያዩ ቀን፣ ሩዜ ከሾፌሩ ቀድሞ ጎንደር ይገባል ብለው ሲሥቁ ውለው፣ ትልቅ ታፔላ አዘዟት። ታፔላው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው፣ ይሄ ለመሆኑ ፊደል ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸውና ቀዝቀዝ አሉ። አቶ አለኸኝ ጥጃ ሲሸጡ እንኳ ካህን የሚያማክሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ነገሩን እንዲህ ቆረጡት፤ ታፔላው ይሰቀል፤ ቤቱ ጠበል ሲረጭ መሪጌታ ጥሩብርሃንም ይመጣሉ፤ እሳቸው አይተው ፊደል ነው ካሉ ታፔላው ይኖራል፣ የሩዙ ጆንያም ሁሉ በዚሁ ፊደል ይታተማል፤ አይደለም ካሉ ግን የዚያኑ ዕለት ወርዶ ሥራው ባሕር ዳር ላለ አታሚ ይሄዳል። ከሰው ሁሉ መርጠው መሪጌታን! ሰብለ ያን ስትሰማ ልትሥቅ ምንም አልቀራት። ሥራው ቢሄድ ሌላ ሥራ ይመጣል፤ ግን ያ ጆንያ ሐሙሲት ይወርዳል፣ አንበሳሜ ገበያ ይቆማል፣ ጎንደር ይገባል፤ ፊደሏን እሷ የማታውቀው ሰው ሁሉ ያነበዋል ማለት ነው። እሱ ሁሉ ደግሞ በአባቷ አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ጠበሉ የሚረጨው ዛሬ ነው።

ጫማዋን አስራ ስትወጣ አባቷ የሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጥተዋል። ጠበሉ ገና ለረፋድ ነው፤ ምን አስቸኮላቸው? እናቷ ሩዝ በስልስ አቀረበችላትና አጠገቧ ተቀመጠች። አባትሽ ከአልጋ ከወረዱ ጀምረው አላርፍ ብለዋል አለቻት፤ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው አንጠልጥለው ምሰሶው ላይ ያነጣጥራሉ፣ አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ፣ ምን እንደነካቸው እንጃ። ዛሬ እንኳ አፍ አውጥተሽ ለምኛቸው አለች።

«ፊደል ያልለየ ሰው ምን ብሎ ይለምናል?» አለች ሰብለ።

እናቷ ገባት። ኮምፖንሳቶውን አየች፣ አጥሩን አየች፣ ከዚያ አንድ ጭልፋ ሩዝ ጨመረችላት። ሰብለ አልፈልግም አላለችም፤ በላችው። የተናደደ ሰው አይርበውም ያለ ማን ነው?

የሰብለ ሱቅ ድሮ ፀጉር ቤት ነበር። ጠባብ ናት፤ አንድ ግድግዳዋ ሙሉ መስተዋት ነው፤ አከራዩ መስተዋቱን አላወርድም ብለው እንዲያውም በእሱ ምክንያት ኪራይ ጨምረውባታል። በዚህ የተነሣ የምትሠራው ሁሉ መስተዋቱ ውስጥ ተገልብጦ ወደ ግራ ዘምሞ ይታያታል። ስቲከር መቁረጫው ከወዲህ፣ ማተሚያው ከወዲያ፣ መሐል ላይ አንድ ሰው ቢቆም ሁለተኛው ደጅ ነው። ያን ጠዋት ከአንበሳሜ የመጣ ሰው የክርስትና ካርድ ዋጋ ጠየቃት፤ አንዱን በሃያ አምስት ብር አለችው፤ በሃያ አድርጊልኝ አለ፤ እሺ አለች። ቀጥ ያለ ፊደል የለም ወይ ሲላትም አለ አለችውና ቀጥ ባለው ሠራችለት። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ዘመመው ረጅም ታወራው ነበር። ዛሬ ልቧ ሐሙሲት መንገድ ላይ ነው። ልሂድ አልሂድ ስትል፣ ደርሼ የአባቴን ፊት ከማይ ቢቀርብኝ ስትል፣ አሸናፊ የሚባለው ባለባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ባጃጁ ኋላ ላይ በእሷ ፊደል «ቀስ እያልኩ ነው» የሚል ተለጥፎበታል፤ ቀስ ብሎ ግን አያውቅም። ታፔላሽን ምን ነካው አላት፤ ጎኑን ይዞ ወደ ሰማይ እየወጣ ነው፣ ሰውም ቆሞ እየሣቀ ነው።

ሱቁን እንኳ በወጉ አልቆለፈችም። አሸናፊ በጭድ ክምሩና በታጨደው ማሳ መሐል አክለፍልፎ አደረሳት። ሰብለ ከባጃጁ ሳትወርድ አየችው። «አለኸኝ የፎገራ ሩዝ» የሚለው ታፔላ የግራ ጫፉ ወደ በሩ ወርዶ፣ የቀኙ ወደ ቆርቆሮው ተሰቅሎ፣ ዳገት ሆኖ ቆሟል። ፊደሎቹ ግን፣ ወይ ጉድ፣ አንዳቸውም አልዘመሙም። ሁሉም ቀጥ ብለው ቆመው ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ተራ በተራ ሽቅብ ይሄዳሉ። ሩዝ የሚያበጥሩት ሴቶች ሰፌዳቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አጣመው ያያሉ። አንዷ እንዲህ ነው ፋሽኑ ትላለች፣ ሌላዋ የለም ሰቃዩ ጠጥቶ ነው ትላለች። ሰቃዩ ደስታው መሰላሉ ሥር ቆሟል። ደስታው እንደ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ ብየዳ ከተማው ውስጥ እንደሱ የሚችል የለም፤ መጠጥም ቀምሶ አያውቅም።

«ደስታው፣ ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«እኔ ምን አደረግሁ? መሪጌታ ናቸው ያዘዙኝ» አለ።

ነገሩን አስረዳት። እሱ በውሃ ልክ ለክቶ፣ ቀጥ አድርጎ ሰቅሎ፣ ሊበይደው መብራት እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ያኔ መሪጌታ ከካህናቱ ሁሉ ቀድመው ብቻቸውን መጡ። ታፔላውን ቆመው አዩት። ከዚያ መቁጠሪያቸውን አወጡ፣ በጣታቸው አንጠለጠሉት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደ ግንበኛ ቱንቢ በ«ለ» ፊደል እግር ላይ አነጣጠሩና፣ የቀኙን ከፍ አድርገው አሉት። ከፍ አደረገው። ጨምር አሉት፤ ጨመረ። የ«ለ» እግር ከመቁጠሪያው ክር ጋር እኩል እስኪገጥም ድረስ አስጨመሩት። በዚያው ካህናቱ መጡና መሪጌታም ለጸሎት ተጠሩ፤ ሲገቡም፣ እስክመለስ እንዳትነካው ብለው አስጠነቀቁት። እሱም በሽቦ አስሮ ተወው።

ሰብለ ደሟ ፈላ። ለዚህ ነው እንግዲህ የቸኮሉት! ፊደል አይደለም ማለት አነሳቸውና፣ መጀመሪያ ወረታን ሁሉ ሊያሥቁባት። ለዚህ ነው ምሰሶው ላይ ሲለማመዱ ያነጉት። መሰላሉን ይዛ አንድ እርከን ወጣች። ደስታው ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ኧረ ባክሽ፣ መሪጌታ አትንካ ብለውኛል አላት። ቀና ብላ አየች፤ ሽቦው በእጇ የሚፈታ ነው፤ ብትፈታው በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ግን ውስጥ አባቷ መስቀል ከያዙ ሰዎች ጋር ቆመው እየጸለዩ፣ እሷ ደጅ ላይ በሕዝብ ፊት የእሳቸውን ትእዛዝ ልታፈርስ? ከቤተ ክህነት ቤት የወጣች ልጅ ይህን አታደርገውም። ወረደች። ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ገለባው ዓይኗ ውስጥ የገባ አስመስላ ዓይኗን አሸች። ሴቶቹም ገለባ ነው ብለው ዝም አሉላት።

ጸሎቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የወጡት አቶ አለኸኝ ናቸው፤ ጠበሉ ከራሳቸው ላይ ይንጠባጠባል። ቀና ብለው አዩና ደነገጡ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን አንድ የጭነት መኪና መንገዱ ላይ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ አነበበና ሣቀ። ከኋላው ሁለት ባጃጅ ቆመ። ከባሕር ዳር የሚመጣው ሚኒባስም ቆመ፤ አንድ ተሳፋሪ ወርዶ ፎቶ አነሣ። አቶ አለኸኝ አፋቸውን መልሰው ከደኑት። ነጋዴ ናቸው፤ መኪና የሚያቆም ታፔላ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። ወደ ሰብለ መጥተው፣ አንቺ ጉደኛ፣ ይህን አስበሽ ነው አይደል የሠራሽው አሏት።

መሪጌታ ወጡ። ልጃቸውን አላዩአትም፤ ማንንም አላዩም። በቀጥታ ሄደው ታፔላው ሥር ቆሙና መቋሚያቸውን አንሥተው በጫፉ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመሩ። ሕፃን ሲያስቆጥሩ እንደሚያደርጉት ነው፤ አንዱን ይነካሉ፣ በከንፈራቸው ይሉታል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሰብለ የመቋሚያውን ጫፍ በዓይኗ ተከተለችው። ኸ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ቆየ። ያቺን ፊደል ለመሣል የሆነችውን የምታውቀው እሷ ናት። መቋሚያው አለፈ። እስከ ዝ ሄደ፤ ወረደ።

«እህስ መሪጌታ፣ ፊደል ነው?» አሉ አቶ አለኸኝ።

መሪጌታ መልሰው ጠየቋቸው። ማኅሌት ቆመህ ታውቃለህ፤ ምን ይቀድማል አሏቸው። አቶ አለኸኝ፣ ቁም አሉ። ቀጥሎስ? ቀጥሎማ ዝማሜ፤ መቋሚያው ከግራ ቀኝ እየተወዛወዘ። ይህን ከሩዝ አበጣሪዎቹ መካከል እንኳ የማያውቅ አልነበረም፤ ያው ዜማ መጀመሪያ ረጋ ብሎ በቁም ይባላል፣ ከዚያ ነው ዝማሜው የሚገባ።

«ቁሙን የማያውቅ ሰው ዝማሜ ቢገባ ያስታውቃል» አሉ መሪጌታ። «አይተኸው እንደሆን መቋሚያው ወዲያ፣ እሱ ወዲህ ነው። እኔም ዘምሞ ሳየው አላውቀውም፤ በማላውቀው ነገር ደግሞ አልመሰክርልህም። ስለዚህ አቁሜ አየሁት። እግሩ ከእግሩ፣ ራሱ ከራሱ ልክ ነው፤ አንድም የተዛባ የለበትም። ልጄ አውቃ ነው ያዘመመችው።»

ሰብለን ፋሲካ ማግስት ያችን ወረቀት በእጃቸው ሲያዘምሟት ትዝ አላት። ለካ ያኔም እንዲሁ እያዩላት ነበር፤ መኮሮኒ ያሉትስ? ያሉትማ ብለዋል፤ ያን የሚፍቀው ነገር የለም። አባቷ ግን ገና አልጨረሱም። መቋሚያቸውን ወደ ደስታው አዙረው፣ በል አሁን ወደ ልኩ መልሰው አሉት። ይህን ጊዜ አቶ አለኸኝ ዘለው መሰላሉን ያዙ። የለም መሪጌታ፣ እንዲህ እንደ ተንጋደደ ይቅርልኝ፤ እርስዎ መንገዱን አላዩትም፣ መኪና አቁሟል እኮ እያሉ ለመኑ። መሪጌታ ከእግር እስከ ራሳቸው አዩአቸው።

«አለኸኝ፣ የሚዘምመው መቋሚያው ነው እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ ወለል አይደለም።»

ሩዝ አበጣሪዎቹ ሰፌዳቸው እስኪፈስ ሣቁ። አቶ አለኸኝ ራሳቸው ሣቁና መሰላሉን ለቀቁ። ደስታው ሽቦውን ፈታ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ፣ የቀኙን ቀስ እያለ አወረደው። ታፔላው ሲረጋ ፊደሎቹ ሁሉ በአንድነት ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ። ሰብለን እዪው ብሎ የነገራት የለም፣ ብቻ በአጋጣሚ ዞር ስትል አየች፤ የአባቷም መቋሚያ አብሮ ዘንበል ብሏል። እሳቸው አላወቁትም። ጉልበታቸውን ልትስም ቀረበች። እሳቸውም እንደ ወትሮው መረቋት፤ ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ፣ ቁርስሽን በልተሻል ወይ ብለው ጠየቋት። በልቻለሁ አባባ አለች። እናቷ መሐል አልነበረችም።

አቶ አለኸኝ ጆንያውን እዚያው አዘዟትና ወደ ሱቋ ተመለሰች። ኮምፒውተሩን ከፍታ «መኮሮኒ» የሚለውን ስም አጥፍታ በቦታው «ዝማሜ» ብላ ጻፈች። ትንሽ አሰበች። ወፈር ያለውን፣ ለርእስ የሚሆነውን ዓይነት ግን መኮሮኒ ብላ ተወችው። ሰውዬው ብለዋል እኮ! መስተዋቱ ውስጥ ሁለቱም ስሞች ወደ ግራ ዘመው ይታያሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገብታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ትፈታ ጀመር። ቄስ መንግሥቴ ቀኑን ሙሉ በደብራቸው ውለው የመፈልፈያውን ነገር አልሰሙም፤ ገና መምጣታቸው ነው። አባቷ ወደ አጥሩ ሲሄዱ፣ ተንጠራርተው ሲጠሯቸው ሰማች። አንድ እግሯን ፈትታ ሌላውን ሳትፈታ ጆሮዋን ጣል አደረገች። ቄስ መንግሥቴ በደኅና ነው ወይ ብለው ጠየቁ።

«በደኅና ነው። የጠዋቷ ነገር ናት» አሉ መሪጌታ። «ለይታለች።»